ስንት ልጅ አላችሁ?

ደላላው ሽኩር ሞቶ የተገኘው ሊያከራየው በነበረው ቤት ጓሮ፣ ከሮቶው መሰላል ሥር ነበር። ከግቢው ውጭ የቤት ዕቃ የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ከዕቃው መካከል ሁለት ሕፃናት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ብስኩት ይበላሉ፤ እናታቸው እሙ ወደ ግቢው እንዳያዩ በነጠላዋ ትጋርዳቸዋለች። ባለቤቷ የኔሰው ከደብረ ማርቆስ በሥራ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። አዲሱን ቤት ሊረከብ በሩን ገፍቶ ሲገባ ሬሳውን ያየው እሱ ነው፤ ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው።

ኢንስፔክተር ሀያቱ እንደ ልማዷ በሲቪል ልብስ መጣች። ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ፣ ከቤት ኪራይ ወደ ቤት ኪራይ ስትንከራተት ያደገች የኮልፌ ልጅ ናት። ደላላ ሲሞት የሚያለቅስለት ጥቂት ሰው መሆኑን ታውቃለች። ደላላ ቤት ሲያገኝልህ አባትህ ነው፤ ኮሚሽኑን ሲጠይቅህ ሌባ ይሆናል።

«ነገሩ ቀላል ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት ረዳቷ ሳጅን ጃለታ። «ሮቶው ውኃ መያዙን ሊያይ ወጣ፤ መሰላሉ ከዳው።»

ሀያቱ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሟቹ የተመታው ማጅራቱ ላይ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ደም የለም። ቀጥላ ወደ እግሩ ዞረች። እግሩ ጥቁር የቆዳ ጫማው ውስጥ ልክክ ብሎ ገብቷል። የተረከዙ ቆዳ ግን ከመረገጥ ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ ካልሲው ከተረከዙ ሥር ተጠቅልሏል። ጫማውን ቀስ ብላ አወለቀችው። የካልሲው መርገጫ ላይ ቀይ የሱፍ ብናኝ ተጣብቋል።

«ይሄን ጫማ ያደረገለት ሌላ ሰው ነው» አለች።

«ማሰሪያው እኮ ታስሯል።»

«ማሰሪያውማ ከተገዛ ጀምሮ የታሰረ ነው። ደላላ በቀን ስንት ቤት ይገባል? በየበሩ ቁጭ ብሎ ጫማ ሲያስርና ሲፈታ ሊውል ነው? ተረከዙን ይረግጥና እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተው ይሄዳል። ተረከዙን ያቃናለት ሰው ይሄን አያውቅም።»

ጃለታ የራሱን ጫማ አየ።

ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ። ከፊት የባለቤቲቱ የወይዘሮ ሰዓዳ ቤት፣ ከጓሮ የሚከራየው ቤት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ልጃቸው አዩብ የሚያድርባት ሰርቪስ ክፍል። ወይዘሮ ሰዓዳ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ዘነበወርቅ ለቅሶ ቤት አድረው የመጡት ከፖሊስ በኋላ ነው፤ የቤታቸው ቁልፍ ከቦርሳቸው አልወጣም።

«ሽኩርን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ። «ጫማውን እየጎተተ ሲመጣ ገና ከበር እለየው ነበር።»

«የሚገቡትን ሰዎችስ ያውቋቸዋል?»

«ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጅ። ከሁለት በላይ አላስገባም ብዬ ለሽኩር ቁርጡን ነግሬዋለሁ። ቤቴን ማፍረሻ አላደርገውም።»

«የወጡት ተከራዮችስ?»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ቀለመወርቅ ጨዋ ሰው ነው። ልጁ ግን ሕመምተኛ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። ቻልነው፣ ቻልነው፣ በመጨረሻ አቃተን። ትናንት ወጥተዋል።»

አዩብ ከጋራዥ ተጠርቶ ሲመጣ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ከሽኩር ጋር ተጣልተናል፣ አልዋሽም። ያንን ቤት ለኔና ለሲሃም፣ ለሠርጋችን እንድትለቅልን እማዬን ስለምን፣ እሱ ተከራይ ጎትቶ አመጣ። ሰድቤዋለሁ። ግን ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤት የወጣሁት።»

«ክፍልህን ክፈትልኝ።»

ከፈተላት። አልጋ፣ የተፈታታ ሞተር ሳይክል፣ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ። ሀያቱ ወለሉን አይታ መልሳ ዘጋችው።

ቀለመወርቅ ቁልፍ ይዞ ከውጭ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጺሙን የተላጨ ሰው ነው። ዓይኑ ግን እንቅልፍ አላየም።

«ትናንት ማታ ጠቅልለን ወጣን። ቁልፍ ልመልስ ብዬ ነው» አለ።

«ወዴት ገባችሁ?»

«አስኮ። ጥሩ ቤት ነው።»

«ሽኩርን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ከትናንት ወዲያ። ነፍሱን ይማረው። አደራዎትን እነዚህን ሰዎች ቶሎ ያሰናብቷቸው። አራት ልጅ ያለው ሰው ደጅ ላይ ሲጉላላ ያሳዝናል።»

ሀያቱ አመስግና ቁልፉን ተቀበለችው፤ ለጊዜው ከግቢው እንዳይወጣም ነገረችው።

የቀረው የኔሰው ነበር፤ ነገሩ የከበደውም በእሱ ላይ ነው። ጠዋት ጦር ኃይሎች ሰፈር ከሽኩር ጋር ሻይ መጠጣቱን ራሱ ስለተናገረ ጃለታ ሄዶ አጣርቶ ነበር። «ሻይ የምታፈላው ልጅ አይታዋለች። የሟቹን እጅ ይዞ ሲለምነው ነበር አለች» አላት ሳጅኑ፤ ከዚያ ወደ የኔሰው ዞረ። «ምን ብለህ ነው የለመንከው?»

የኔሰው አጠገባቸው የቆሙትን ወይዘሮ ሰዓዳን አየ። «ምንም» አለ። «ስለ ቤቱ ነው።»

«ስለ ቤቱ ምን?»

«ምንም አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው ጣቢያ ሄደህ ታስታውሰዋለህ።»

ይህን ጊዜ እሙ ልጆቹን ትታ መጣች። «ሳጅን፣ እሱን ይዛችሁት ከሄዳችሁ እኔ ይሄን ዕቃና እነዚህን ልጆች የት ላውርዳቸው? ሾፌሩ አውርዱልኝ እያለ ነው። እዚህ ሰፈር የማውቀው ሰው የለኝም።»

ሀያቱ የኔሰውን ክንዱን ይዛ ከአይሱዙው ጀርባ ወሰደችው። «ሴትዮዋ አይሰሙህም» አለችው ዝቅ ብላ። «ስንት ልጅ አለህ?»

ሰውዬው ፊቱ ልውጥ አለ። «አራት» አለ። «ትላልቆቹን አየር ጤና እህቴ ዘንድ ደብቄያቸዋለሁ። የትም ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ልጅ አላችሁ ነው። አራት ስል በሩ ይዘጋል። እዚህ ሁለት አልኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዛሬ ጠዋት ግን ከበደኝና ለሽኩር ነገርኩት፤ ለሴትዮዋ እንዳይነግርብኝ ነው እጁን የያዝኩት።»

«ምን አለህ?»

«ሳቀ። ትላልቆቹን ቀስ ብለህ እንደ እህትህ ልጆች ታመጣቸዋለህ አለኝ። ከዚያ የድሮው ተከራይ መውጣቱን ልይ ብሎ ቀድሞኝ መጣ።»

«ከዚያ በፊት ይሄን ማን ያውቅ ነበር? እዚህ ሰፈር?»

«ከእኔና ከእሙ በቀር ማንም።»

ሀያቱ ብቻዋን ወደ ጓሮው ቤት ገባች። ሳሎኑ ባዶ ነው። ወለሉ ዳር ዳሩ በአቧራ ተሸፍኗል፤ መሐሉ ግን ሰፋ ያለ ምንጣፍ የተነሣበት ይመስላል፣ ንጹሕ ነው። የብረት በሩን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ጃለታን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችውና ከግቢው በር አጠገብ ወዳለው ባለሱቅ ላከችው።

እሱ ሲመለስ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሚቀመጡበት ስላልነበር ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ሽኩር ከመሰላል አልወደቀም» አለች። «ከሮቶው ሥር ደም የለም። ሌላ ቦታ ሞቶ ነው ወደዚያ የተጎተተው። ሲሞት ጫማውን አውልቆ ነበር፤ ጫማውን በኋላ ያደረገለት ሰው ተረከዙን አቃንቶ አደረገለት። ያ ሰው ሥርዓት የለመደ ሰው ነው፤ ሥርዓቱ አጋለጠው። ታዲያ ሽኩር የማን ቤት ሲገባ ነው ጫማውን ያወለቀው? የወይዘሮ ሰዓዳ ቤት ተቆልፏል። አዩብ ክፍሉ ውስጥ ሞተር ያሳድራል፤ እዚያ ማንም ጫማ አያወልቅም።»

«የቀረው ይሄ ቤት ነዋ» አለ አዩብ። «ይሄ ግን ባዶ ነው።»

«ባዶ ቤት ሲገባስ ጫማ የሚያወልቅ ማን አለ? ሽኩር ካወለቀ ቤቱ ባዶ አልነበረም። ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ሰው አድሮበት ነበር። ትናንት ወጣን ያለው ሰው አልወጣም ማለት ነው።»

ሁሉም ወደ ቀለመወርቅ ዞረ። እሱ መስኮቱን ያያል።

«ይሄ ብቻ ቢሆን እጠራጠር ነበር» ብላ ቀጠለች ሀያቱ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አቶ ቀለመወርቅ፣ አራት ልጅ ያለው ሰው ደጅ ሲጉላላ ያሳዝናል ብለውኝ ነበር።»

«አራት?» አሉ ወይዘሮ ሰዓዳ።

እሙ ባሏን አየችው። የኔሰው አንገቱን ደፋ።

«መኪናው ላይ ያሉት ሁለት ናቸው» አለች ሀያቱ። «ለቤቱ ባለቤት የተነገረውም ሁለት ነው። ሰውዬው አራት መሆናቸውን የተናገረው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ለሽኩር ብቻ። የሽኩርን ስልክ አየነው፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልደወለም፤ በቀጥታ ወደዚህ ነው የመጣው። እርስዎ ሽኩርን ከትናንት ወዲያ ካዩት፣ አራቱን ማን ነገረዎት?»

ጃለታ በላስቲክ የተጠቀለለ ቀይ ምንጣፍ ይዞ ገባና ወለሉ ላይ ዘረጋው። ቀለመወርቅ ጠዋት «ኋላ እወስደዋለሁ» ብሎ ባለሱቁ ዘንድ በአደራ ያስቀመጠው ነው። አንዱ ጫፉ በደም ጠቁሯል።

ቀለመወርቅ አልካደም። ሲናገርም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ዕቃችንን ዘመድ ቤት ልከን ሌሊቱን እዚህ ምንጣፍ ላይ ነው ያደርነው። አስኮ ሽኩር ያገኘልኝ ቤት ነበር፤ ጠዋት የቤቱን ባለቤት ይዞ ሊመጣ። ማራኪ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችንን ራዕይን ሐኪም ዘንድ ይዛው እንደወጣች ብቻውን መጣ። ሴትዮዋ እንቢ አለች አለኝ። ለምን ስለው፣ ስለ ልጅህ ነግሬያት ነው፣ ኋላ ሌሊት ሲጮኽ ስሜ ይጠፋል አለኝ። ከዚያ ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ይደብቃል፣ ዛሬ የሚገባው ሰውዬም አራት ልጆች ይዞ ሁለት ነው ያለው ብሎ ሳቀ።» ወደ የኔሰው ዞረ። «ለእሱ አራቱን ስትደብቅለት የኔን አንዱን ለምን አወጣህብኝ አልኩት። ገፋሁት። ጭንቅላቱ የበሩን ብረት ሲመታ ሰማሁ። ልገድለው አልነበረም።»

«ይሄን ሰው በእርስዎ ፋንታ ጣቢያ ልንወስደው ስንል ግን ዝም ብለው አዩ» አለችው ሀያቱ።

«አየሁ» አለ። «ልጄን ነው ያሰብኩት።»

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ስትፈታ ሀያቱ ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን ደስ አላላትም።

ጃለታ ቀለመወርቅን ይዞት ሲሄድ ወይዘሮ ሰዓዳ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ ወደ የኔሰው ዞሩ።

«አራት ብለኸኝ ቢሆን አላከራይህም ነበር» አሉት። «አሁንም ደስ ብሎኝ አይደለም። ግን እኔስ በዚህ እጄ የለበትም? ሕመምተኛ ልጅ ከቤቴ ያስወጣሁ እኔ ነኝ። ዕቃህን አውርድ። ሌሎቹንም ሁለቱን አምጣቸው።» ከዚያ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

የኔሰው ከሾፌሩ ጋር ቁም ሣጥኑን ተሸክመው ሲገቡ የሳሎኑን መሐል ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ሄዱ። እሙ እያለቀሰች ድስቶቿን ታወርዳለች።

ሀያቱ የጓሮውን ቤት ቁልፍ እንደያዘች ቆርቆሮው በር አጠገብ ቆማ ነበር። አንዲት ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ከውጭ ገባች። የሐኪም ቤት ካርድ በእጇ ይዛለች። ግቢው ውስጥ ዕቃ ሲወርድ አየች፤ ሀያቱን አየች፤ ቁልፉን አየች። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ይቅርታ፣ አዘገየሁዎት መሰለኝ። ሽኩር ያመጣዎት የአስኮው ቤት ባለቤት እርስዎ ነዎት አይደል? ማራኪ እባላለሁ፤ የቀለመወርቅ ባለቤት።»

ሀያቱ ብዙ መርዶ ያረዳች ሴት ናት። የዛሬው ከየት እንደሚጀመር ጠፋት።

«ሁለት ብቻ ነን» አለች ማራኪ በፍጥነት። «እኔና ባለቤቴ። ድምፃችንም አይሰማም።»

ከአጥሩ ውጭ የጎረምሳ ድምፅ፣ ቃል የሌለው ረጅም ዜማ ይሰማል።

«ልጅሽን አስገቢው፣ እህቴ» አለች ሀያቱ። «ፀሐይ ላይ አታቁሚው።»

«የምን ልጅ?» አለች ማራኪ።