ሦስት ጉርሻ ከታችኛው ደርብ

ግዛቸው የወደቀው በልጁ ሠርግ ላይ፣ ሜስኪት ከተማ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ አምስት ደርብ ሆኖ ከቆመው የቺዝ ማማ አጠገብ ነው። ሆስፒታል ገብቶ ከአራት ሰዓት በኋላ ሞተ። ሙሽራዋ ዕፀ ሕይወት ጣፋጭ አልወድም ብላ ነበር በኬክ ፋንታ ቺዝ ያስደረደረችው። «መረዘችው!» ብላ የጮኸችው የሟች ሚስት ዓለምጌጥ ስትሆን፣ ዱላው ያረፈው በቺዝ ሠሪዋ በሐዊ ላይ ነው። በማግስቱ ፍሪስኮ ከተማ ያለው ሱቋ ተዘጋ፤ ፖሊስም ሁለቴ ጠራት። አይ የሰው አፍ! ስንት ዓመት የለፋችበት ስም በአንድ ጩኸት ገደል ገባ።

ነጃት የካውንቲው አስከሬን ምርመራ ቢሮ መርማሪ ናት። ወሬ አያሞኛትም፤ መጀመሪያ የሄደችው ሐዊ ዘንድ፣ ወደ ተዘጋው ሱቅ ነው።

«ስንት ሰው በላ?»

«ሁለት መቶ። አንድም ሰው አላመመውም፣ እህቴ።»

«ደርቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?»

«አይደለም። ከታች ሁለት ዓመት የቆየ ደረቅ ቺዝ ነው፤ ወደ ላይ እየለሰለሰ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ግን የዚያኑ ቀን የሠራሁት ትኩስ አይብ ነበር። እትዬ ዓለምጌጥ ናቸው ኮል አድርገው ያዘዙኝ። ግዛቸው ከዚያ ብቻ ነው የሚበላው፣ የቆየ ነገር ሆዱ አይችልም አሉኝ።» ሐዊ ወደ ተዘጋው በር አየች። «እታሰራለሁ እንዴ? ማለቴ፣ ልጅ አለኝ።»

ነጃት ማባበል አትችልበትም። «የሚያሳስርሽ ነገር እስካሁን አላየሁም» ብቻ አለቻት።

ቢሮ ተመልሳ የሟችን ዕቃ ዘረገፈች። ከኮቱ ኪስ የቪታሚን ብልቃጥ ወጣ። «ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች» ይላል። ለሴቶች! ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰውዬ በልጁ ሠርግ ላይ የሴት ቪታሚን ይዞ ምን ያደርጋል? ክኒኖቹን መዳፏ ላይ ገልብጣ፣ የታተመባቸውን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ፈለገች። ያገኘችውን አንብባ ወደ ሟች ሐኪም ደወለች። ከዚያ የሠርጉን ቪዲዮ ከፍታ አንዱን ቦታ ስድስት ጊዜ አየችው።

ከሰዓት በኋላ ፕሌኖ ከተማ፣ የሙሽራው እናት አይናዲስ ቤት ነበረች። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ሴትየዋም ደርባባ።

«ያጎረሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ነውር አለው? ከዛሬ ጀምሮ ዘመዴ ነው ብዬ ያንን ፎርማጆ ከታች ቆርሼ ሦስቴ አጎረስኩት። መጀመሪያ አፉን ገጠመብኝ። በሞቴ አልኩት፤ ተቀበለኝ።»

በሦስተኛው ቀን ነጃት ሁሉንም ሜስኪት፣ ለቅሶ ቤቱ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሐዊ ገብታ ለመቀመጥ አልደፈረችም፤ በሩ ላይ ቆመች።

«ቺዙ አልተመረዘም» አለች ነጃት። «ጋሽ ግዛቸው የሞቱት የደም ግፊታቸው በድንገት አሻቅቦ ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ስለፈሰሰ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት ከቆየ ቺዝ ጋር ከተገናኘ ይገድላል። ትኩስ አይብ ግን አይጎዳቸውም። ጫፉን ለብቻ ያዘዘ ሰው ይህን ያውቅ ነበር።»

«የምን መድኃኒት?» አለች ዕፀ ሕይወት። «አባዬ ቪታሚን ነው የሚወስደው።»

«ብልቃጡ ነው የቪታሚን። ውስጡ ያለው የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት ነው። ሐኪማቸው መውሰድ ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆናቸው ብሎኛል።»

ዓለምጌጥ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ነጃት ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን ለሁሉም አሳየች። አይናዲስ ጉርሻ ይዛለች። ግዛቸው አጎራሹን አያይም፤ በትከሻዋ አሻግሮ ሚስቱን ያያል። ዓለምጌጥ ፈገግ ብላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እሱም አፉን ከፈተ።

«ይህንን ድንጋጤ ነው እንበል» አለች ነጃት። «ግን ጋሽ ግዛቸው ሲወድቁ አምቡላንስ መጣ። ምን መድኃኒት ይወስዳል ብለው ሁለቴ ጠየቁዎት፤ መዝገባቸው ላይ አለ። እርስዎ ምንም አይወስድም አሉ። ሆስፒታልም ሄደው ያንኑ ደገሙት። ቢነገራቸው የደም ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት ሐኪሞቹ እጅ ላይ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ፣ እትዬ!»

«አማቶቼ አጠገቤ ቆመው!» ዓለምጌጥ ጮኸች። «ባሌ እብድ ነው ልበል? በልጄ ሠርግ? ነገ የእብድ ልጅ ብለው ይመልሱልኝ?»

«እና ሐዊን ገዳይ አሏት።»

«አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።»

አይናዲስ ያጎረሰችበትን እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስታይ ቆየች። «ባውቅ ኖሮ እጄን እሰበስብ ነበር» አለች። «ሌላ ምንም አልልም ነበር፣ ዓለምጌጥ። ምንም።»

ነጃት ፋይሏን አጠፈች። ቀሪውን ዳኛ ያየዋል፤ የሐዊን ስም ግን ዛሬውኑ ከመዝገቡ ታወጣዋለች። ሱቁን ተመልሶ ማን እንደሚረግጠው እግዜር ይወቅ።

«እማዬ» አለች ዕፀ ሕይወት። እስካሁን አላለቀሰችም። «ከታችኛው ደርብ እንደተቆረሰ አይተሽ ነበር?»

ዓለምጌጥ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

«አይተሽ ነበር ወይ?»

እናትየው ልክ ቪዲዮው ላይ እንዳደረገችው አንዴ ራሷን ነቀነቀች። ዕፀ ሕይወት ከእናቷ ጎን ተነሥታ ሄደችና በሩ ላይ፣ ከሐዊ አጠገብ ቆመች።