የሁዳዴ ወተት

«ዋጪው እንጂ! እባክሽ ዋጪው!»

ዓይናዲስ የማገዶ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካለች። በአንድ እጇ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ፣ በሌላው ከእፍኝ የማትሞላ የድመት ግልገል ይዛለች። ወተቱ በግልገሏ አፍ ጎን ወርዶ አንገቷን አራሰው። ሌሎቹ ሁለቱ ካርቶን ውስጥ፣ አሮጌ ሹራብ ላይ ይንጫጫሉ። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም።

እናታቸውን ከትናንት በስቲያ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ገጭቶ ገደላት። ዓይናዲስ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከማገዶ ቤቱ ቀጭን ጩኸት ሰማች፤ ከማዳበሪያ ከረጢቶቹ ሥር ሦስቱን አገኘቻቸው።

ለማንም አልተናገረችም። እናቷ የወለደች ታላቅ እኅቷን ልትንከባከብ መካነ ብርሃን ከሄደች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ቤት ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም በደብሩ ዜማ ያስተምራሉ። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ እነ ዓይናዲስ ቤት እንኳን ወተቱ፣ የወተት ዕቃው ራሱ ታጥቦ ከጓዳ ይወጣል። ስለዚህ አባቷን ሳትጠይቅ፣ ካላት ሳንቲም ከሱቅ የላም ወተት ገዛች።

በማግስቱ ትንሿ ግልገል ሆዷ ተነፍቶ መጮህ አቆመች። ዓይናዲስ ቦርሳዋ ውስጥ በሻርፕ ጠቅልላ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሮጠች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ጣቷን ግልገሏ አፍ ውስጥ ከተተች።

«አፏ ቀዝቅዟል። የበረዳት ግልገል ወተት አይፈጭላትም፤ መጀመሪያ አሙቂያት። ስታጠቢያት ደግሞ በጀርባዋ አይደለም፤ ከእናቷ እንደምትጠባው በሆዷ አስተኚያት። ከጠባች በኋላ ከሥሯ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርገሽ አሻሺያት። እናታቸው እየላሰች ነው የምታሸናቸው፤ ብቻቸውን አይችሉም።»

«ወተቱስ?»

«የላሙ ነው የነፋት። የፍየል ካገኘሽ ይሻላል። በየሦስት ሰዓቱ።»

በሰፈሩ የምትታለብ ፍየል ያለቻቸው እትዬ እንኳየሁ ብቻ ናቸው። ዓይናዲስ ጣሳ ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

«በሁዳዴ ወተት? ለማን ነው?» አሉ እትዬ እንኳየሁ።

«ለእኅቴ ልጅ» አለች፤ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «እኛ ጋ መጥታለች። ጡቷ ወተት እምቢ ብሏት…»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» ብለው ጣሳውን ተቀበሏት። ሳንቲም ስትዘረጋላቸው እጇን መለሱት።

ወተቱ ተስማማቸው። ዓይናዲስ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ እየሞላች በጨርቅ ጠቅልላ ካርቶኑ ውስጥ ታስቀምጥላቸዋለች፤ በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ሮጣ መጥታ ታጠባቸዋለች። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ።

ዓርብ ዕለት አባቷ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሲሪንጁን እያጠበች ነበር። መሪጌታ አንድ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ዓይኔ፣ እኅትሽ ከመካነ ብርሃን መቼ መጣች?»

ዓይናዲስ ሲሪንጁን በጨርቅ ጠቀለለችው።

«አብሽ ነው» አሉ መሪጌታ ፌስታሉን እያሳዩ። «ወይዘሮ እንኳየሁ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቀው ሰጡኝ። ለአራሷ ወተት ያወርዳል አሉ። ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ተቀብዬ መጣሁ።»

ዓይናዲስ ወጥታ ካርቶኑን አመጣችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ትንሿን አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት።

«ስንት ቀናቸው ነው?»

«ገና ሳምንት ቢሆናቸው ነው።»

«ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም» አሉ ቀስ ብለው። «የሰባት ቀኑንማ ማን ጹም ይለዋል?» ግልገሏን ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ አስጠጓት። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«በሁዳዴ ወተት ደጄ አይደርስም ይላሉ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«እንደዚያ ብዬ አውቃለሁ?»

ዓይናዲስ አሰበች። ብለው አያውቁም።

«በይ፣ ነገ ከኪዳን መልስ ወይዘሮ እንኳየሁን እኔ አነጋግራቸዋለሁ» አሉ መሪጌታ። «ከእኔ ሲሰሙት ያን ያህል አይከፋቸውም።»

ዓይናዲስ በእፎይታ ራሷን ነቀነቀች። ግን ዓይኗ ፌስታሉ ላይ ቀረ። አብሹ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ልሞ ተፈጭቷል።

«አይ አባዬ፣ እኔው እሄዳለሁ።»

በማግስቱ እትዬ እንኳየሁን ለፍየሏ ቅጠል ሲሰጡ አገኘቻቸው።

«ምነው፣ ሕፃኑ ደኅና አይደለም?»

«እኛ ቤት ሕፃን የለም፣ እትዬ። እኅቴም አልመጣችም። ወተቱ… እናታቸው ለሞተችባቸው ድመቶች ነው።»

እትዬ እንኳየሁ ቅጠሉን እንደያዙ ቆሙ። «ለዚያ ሕፃን ጧፍ አብርቻለሁ እኮ።»

ዓይናዲስ ፌስታሉን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም።

«እኅትሽ መውለዷስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። መካነ ብርሃን ናት።»

«እንግዲያው ለሷ ላኪላት። ወተቱን ግን እኔ ለዋሸችኝ ልጅ አላልብም።» ዓይናዲስ ልትዞር ስትል ጣሳውን ከመደቡ አንስተው ሰጧት። «ራስሽ እለቢያት። በየጠዋቱ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሳትሄጂ።»

የመጀመሪያው ቀን ፍየሏ ጣሳውን በእርግጫ ደፋችው። በሁለተኛው ቀን ዓይናዲስን ራሷን መታቻት። «በጣቶችሽ ጭመቂ እንጂ አትጎትቻት!» ይሏታል እትዬ እንኳየሁ ከበሩ ላይ ሆነው። በአራተኛው ቀን ጣሳው እስከ ግማሽ ሞላ፤ እትዬም «ሸጋ ነው» አሉ።

ጠዋት ዓይናዲስ ትምህርት ቤት ስትሆን አባቷ ግልገሎቹን ያጠቡላታል። አንድ ቀን በእረፍት ስትመጣ፣ ትንሿን ጭናቸው ላይ አድርገው ሆዷን በእርጥብ ጨርቅ እያሻሹ ዜማ ሲያዜሙላት ደረሰች። ድምፅ ሳታሰማ ተመልሳ ሄደች።

ወፍራሙ ግልገል መጀመሪያ አንድ ዓይኑን ገለጠ። በማግስቱ ሁለተኛው ግልገል ተከተለ። ትንሿ ግን ሁለት ቀን አስጠብቃ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ዓይኖቿን ገልጣ ተገኘች። ጉም የመሰለ ሰማያዊ ናቸው። ዓይናዲስ እሷን ስታይ ረፈደባት፤ ልብሷን ሳትቀይር እየሮጠች ክፍል ገባች።

አጠገቧ የምትቀመጠው ጽጌሬዳ፣ የዩኒፎርሟ እጥፋት እንኳ የማይዛነፍ ልጅ፣ አፍንጫዋን ያዘች።

«ኧረ በናትሽ! ፍየል ፍየል ትሸቻለሽ!»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ዓይናዲስ «መንገድ ላይ አንድ ፍየል…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«አልቤ ነው የመጣሁት» አለች ከዚያ። «ሦስት የድመት ግልገሎች አሉኝ። ከትምህርት በኋላ መጥተሽ አታያቸውም?»

ጽጌሬዳ አፍንጫዋን እንደያዘች ጥቂት አሰበች።

«ይቧጭራሉ እንዴ?»

ዓይናዲስ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ የተቧጨረ ክንዷን አሳየቻት።