የሷ ወለል

ምንትዋብ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዷ ኮምፒውተሯን ከፍታ የቼዝ ፕሮግራሟን መጻፍ ቀጠለች። ክረምት ነበር፤ አሮጌው ቤት የረጠበ ሳንቃ ይሸታል፣ ቀኑ ሳይመሽ ጥጋጥጉ ጨልሟል። ፕሮግራሙ የሚያስበው በሁለት ወሰኖች መካከል ነው፤ ውጤቱ ከታችኛው እንደሚያንስ ወይም ከላይኛው እንደሚበልጥ ያረጋገጠውን መንገድ ከዚያ ወዲያ አይመረምርም። ወሰኖቹን «ወለል» እና «ጣሪያ» ብላ ሰይማቸዋለች።

ከእግሯ ሥር ተንኳኳ። በጣት አንጓ፣ ቀስ ብሎ፣ ደጅ እንደሚጠና ሰው።

አከራይዋ ወይዘሮ ፀዳለ ቁልፉን ሲሰጧት አስጠንቅቀዋት ነበር።

«ሲያንኳኳ ዝም በይ፣ የኔ ልጅ። የመለሱለት አልቆዩም።»

«አይጥ ይሆናላ፣ እትዬ!»

«አይጥ ተራ ይጠብቃል?»

ስቃ ነበር ያለፈችው። ከዚህ በፊት ሌሎች አከራዮች ከሦስት ቤት አስወጥተዋታል፤ ከዚህኛው ግን በእግሯ ላትወጣ ምላለች።

ዛሬ ድምፁ አልተዋትም። ወደ መስኮቱ ስትሄድ ከሥሯ ተከተላት፤ ወደ አልጋው ስትመለስ አብሯት ተመለሰ፤ በሳንቃዎቹ ክፍተትም ጉድጓድ የቆየ አፈር የመሰለ ቀዝቃዛ ሽታ ሽቅብ መጣ። በመጨረሻ ንዴቷ ፍርሃቷን ቀደመው። ተረከዟን አንስታ ወለሉን ደቃችው።

«አልወጣም! ሰማህ? አልወጣም!»

ከታች ዝም አለ፤ የቼዝ ሰሌዳ ላይ አቀርቅሮ የሚያስብ ሰው ዓይነት ዝምታ።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፕሮግራሙ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ጅል ሲጫወት ሰንብቷል፤ ስህተቱ አሁን ታያት። ተራው ወደ ተጋጣሚ ሲያልፍ ወሰኖቹን እንዳሉ ታሳልፋቸው ነበር። ተጋጣሚ ግን ሰሌዳውን የሚያየው ከወዲያኛው ወገን ነው፤ ትርፏ ኪሳራው፣ የሷ ወለል የሱ ጣሪያ ነው።

እጇ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ቆመ። ቁልቁል ሳንቃውን አየች።

«እና ምን ይጠበስ!» አለች ጮክ ብላ። ሁለቱን ቃላት አቀያየረች፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክታቸውን ገለበጠች፣ ፕሮግራሙን አስነሳች።

«ተራው የተጋጣሚ ነው» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ወዲያው ብርሃን የሚባል ነገር ሁሉ ጠፋ።

የአፈሩ ሽታ አሁን በሁሉም በኩል ነበር። ቀና ልትል ስትል ግንባሯ ከሳንቃ ጋር ተጋጨ። እጇን ዘርግታ ዳበሰችው፤ ከዳር እስከ ዳር ሳንቃ ነው፤ በክፍተቱ የክረምት ከሰዓት ብርሃን ይታያል፣ በብርሃኑም ላይ ጥላ ያልፋል። ሰው አለ ማለት ነው። በጣቷ አንጓ፣ ቀስ ብላ፣ ጥላውን እየተከተለች አንኳኳች።

ተረከዝ ሳንቃውን ደቃው፤ አቧራው ዓይኗ ውስጥ ረገፈ፤ ከላይም የገዛ ድምፅዋ «አልወጣም! ሰማህ? አልወጣም!» አላት።