ሮጣ የገባችበት ክፍል

ሬሳው የተገኘው ለማዳቀያ የሚሆን የኮርማ አባለ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ወጣቷ የእንስሳት ሐኪም በግንባሯ ተደፍታለች፤ ሁለት እጆቿ ወደ ፊት ተዘርግተዋል፤ ከእጆቿ ፊት ለፊት ትልቁ የናይትሮጅን ታንክ አፉን ከፍቶ በጎኑ ተጋድሟል። ደም የለም፣ ቁስል የለም፣ የታገለ ሰው ምልክት የለም። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ይህን ስታይ ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ንዴት ባሰባት።

አለቃዋ ደውሎ «አደጋ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው አጣርተውታል፤ ከምሳ በፊት ዝጊው» ብሏት ነበር። ኤዲያ! ራሳቸው ካጣሩት እሷን ምን ይጠሯታል? ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ስትቆጣ ድምጿ ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። የሚያውቋት ድምጿ ሲቀንስ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ።

የምርምር ማዕከሉ ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ከጎኗ ቆመዋል። ነጭ ጋዋናቸው ተተኩሷል፤ ሐዘናቸውም የተተኮሰ ይመስላል።

«ጎበዝ ልጅ ነበረች» አሉ። «ግን ጉብዝና ዝርክርክነትን አይሸፍንም። ደንባችን ግልጽ ነው። በሩ በራሱ ስለሚዘጋ በሽብልቅ ይያዛል፤ ቬንትሌተሩ ይበራል፤ ከዚያ ነው የሚገባው። ሁለቱንም አላደረገችም። ታንኩን ስትነካካ ገለበጠችው፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ አየሩን ገፍቶ አስወጣው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሁለቴ ከተነፈሱት በቃ።»

«ምን ልትሠራ ገባች?»

«ናሙናዎቿን ልታይ ይሆናል። ለምርምር ፌሎሺፕ ወደ ውጭ ልትሄድ ነበር። ለወጣት የእንስሳት ሳይንስ ተመራማሪዎች የሚሰጥ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከስንት አመልካች አንድ ሰው ነው የሚወስዱት።»

«አሁንስ ዕድሉ ምን ይሆናል?»

«ጥናቱ ከሷ ጋር አይቀበርም። ተጠባባቂ አለ፤ እሱ ይዞት ይሄዳል። ጠዋት ለሰጪዎቹ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሬሳዋ ሳይነሳ?»

«ሳይንስ ለቀብር አይቆምም፣ እመቤት።»

መርማሪዋ ፊቷን ወደ ክፍሉ መለሰች። የክፍሉ አየር ከተጣራ ቆይቷልና ገብታ ተንበረከከች። የወለሉ ፕላስቲክ ከታንኩ አፍ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ከሬሳው ሥር ጭምር ያልፋል። የልጅቷን ጫማ ነካችው፤ ስስ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው፤ ደህና ነው። እግሯን፣ ክንዷን፣ መዳፏን አየች። ቆዳዋ ላይ ምንም የለም።

ሬሳውን ያገኘው የናይትሮጅን ሠራተኛው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሏል። ሽበታም ነው፤ ዕድሜውን በዚህ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ስላሳለፈ «አቶ በረዶ» ይሉታል።

«ይሄ ነገር ሰው ላይ ቢፈስ ምን ያደርጋል?» አለችው።

«እንደ እሳት ይለበልባል። ይኸው» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ የድሮ ጠባሳውን አሳያት።

«ፕላስቲክ ጫማስ?»

«ይሰባበራላ! ለምን ይጠይቁኛል? እኔ ምን አጠፋሁ? የገጠር ጣቢያዎችን ታንክ ስሞላ ሰንብቼ ዛሬ ጠዋት ነው ከሾፌሩ ጋር የገባሁት። በሩን ስከፍት… ልጄን ነው የምታክለው፣ እመቤቴ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ተጠባባቂውን ያገኘችው ከበረቱ አጥር ተደግፎ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት ተመራማሪ ነው፤ «ሎጋው» ይሉታል።

«እኔ ገደልኳት ልትይኝ ነው አይደል የመጣሽው?» አላት ገና ሳትጠጋው። «ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ይሄው፣ እጄን እሠሪው!»

«ቀስ በል። ፌሎሺፑን ትወስዳለህ አሉኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «ምን ይዤ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የኔም የሷም ናሙና እዚያ ታንክ ውስጥ ነበር። ሁሉም ቀልጧል። እኔ የለፋሁበት እንኳ ተንጠፍጥፎ ቀረ።»

«እንደገና መሰብሰብ አይቻልም?»

«የኔን ምናልባት። የሷ ኮርማዎች ግን የሉም፤ ሞተው አልቀዋል። የነሱ ጥጆች የመዥገር በሽታ የማይገድላቸው ለምን እንደሆነ ያገኘችው እሷ ናት። ፌሎሺፑን የሰጧት ለዚያ ነው። ያለ ናሙናው ጥናት የለም፤ ያለ ጥናቱ ፌሎሺፕ የለም። ይሄን የማያውቅ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ የለም።»

መርማሪዋ ወደ አጥሩ ተጠጋች። ከዚያ ድምጿ ቀነሰ። «ከፕሮፌሰሩ ጋር እንዴት ነበረች?»

ሎጋው ዙሪያውን ገላመጠ። ቀጥሎ ደግሞ መገላመጡ ራሱ አናደደውና አጥሩን በቡጢ መታው። «እዚህ ቤት ዕድል የሚያልፈው በአንድ ሰው ፊርማ ነው። ጥናትህ ላይ ስሙን ከስምህ በላይ ካልጻፍክ የድጋፍ ደብዳቤ የለም። ስንቱ ጎበዝ የእንስሳት ሐኪም በር ላይ ቆሞ አረጀ! እኔ ጻፍኩለት፤ ልጆች አሉኝ፣ ምን ላድርግ? እሷ እምቢ አለች። ሰጪዎቹ ሥራዋን አይተው በራሳቸው ጠሯት። ናሙናዎቹን ይዛ በስሟ ልትሄድ ነበር።»

«ሲሰማ ምን አለ?»

«አጨበጨበላት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እህቴ።»

የሟች ታላቅ እህት በግቢው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርዶው ሥራ ላይ ስላገኛት ሜትሩ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ታናሿን ያሳደገቻትና ያስተማረቻት እሷ ናት። መርማሪዋ አጠገቧ ስትቀመጥ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ዝርክርክ ናት አሉኝ» አለች። «ሆዴን! ምድጃ አጥፍታ ተመልሳ የምታየዋን ልጅ! በር ቆልፋ ሁለቴ የምትገፋዋን! ማታ ማታ ናሙናዋን ሳታይ ወደ ቤት የማትመጣዋን! ኃላፊው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ‹ከሷ ጥፋት ተማሩ› ብሏቸዋል። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ አይደል? ሞቷንስ እሺ፤ ሞት የሁላችንም ነው። በራሷ ጥፋት ሞተች ተብሎ ግን አልቀብራትም። ስሟን ሳያጠሩልኝ አፈር አላለብሳትም፤ እንዲያውቁት።»

«ትንሽ ጠብቂኝ» አለች መርማሪዋ።

ወደ ኮሪደሩ ተመልሳ የክፍሉ በር ላይ ቆመች። ምድጃ አጥፍታ ተመልሳ የምታይ ልጅ በሩን በሽብልቅ ሳትይዝ፣ ቬንትሌተሩን ሳታበራ ለምን ገባች? ለምን? እዚያው እንደቆመች ዓይኗ ታንኩ ላይ አረፈና ነገሩ ገባት። 

«አቶ በረዶ» ብላ ተጣራች። «ናሙና ሳይቀልጥ ሊቀመጥበት የሚችል ሌላ ቦታ አለ?»

«ለገጠር የምንይዛቸው ትንንሽ ታንኮች አሉ፤ መጋዘን ውስጥ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ሌላው ፕሮፌሰሩ ጋ።»

መጋዘኑ ውስጥ ትንንሾቹ ታንኮች ግድግዳ ተጠግተው ተደርድረዋል። አቶ በረዶ አንድ በአንድ ከፈታቸው፤ ባዶ፣ ባዶ፣ አሁንም ባዶ። ጥጉ ላይ ያለችውን ሲከፍት ነጭ ጭጋግ እጁ ላይ ፈሰሰ። ቀጫጭኖቹን የናሙና ቱቦዎች በወረንጦ ብቅ አድርጎ ምልክታቸውን አየ። የልጅቷ ኮርማዎች ናሙና ነው፤ አንድም አልቀለጠም።

«ወደ ቦታቸው ይመልሷቸው» አለችው። «ለማንም አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ።»

ከዚያ አራቱንም መሰብሰቢያ ክፍል አስቀመጠቻቸው፤ ፕሮፌሰሩን፣ ሎጋውን፣ አቶ በረዶንና እህትየዋን። ወሬው ስለተነዛ ሠራተኛው ሁሉ ውጭ በረንዳው ላይ ቆሟል። ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«አላስቸኩልም» አለች መርማሪዋ፤ ድምጿ በጣም ቀንሶ ነበር። «መጀመሪያ ወለሉን እንይ። ልጅቷ ታንኩን ራሷ ገልብጣው ቢሆን ኖሮ ፈሳሹ እግሯ ላይ ይፈስ ነበር። እግሯ አልተለበለበም፤ ጫማዋ አልተሰበረም። የተደፋችበት ወለል ግን ከሥሯ ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ ፈሳሹ የፈሰሰው እሷ ሳትገባ ነው። ሌላ ሰው ደፍቶት፣ በሩን ዘግቶ ሄዷል። ጭጋጉ ጠፋ፤ አየር የሌለው ክፍል ቀረ።»

«ደንቡን ብታከብር ኖሮ እኮ…» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ወደ ደንቡ እየመጣሁ ነው። በሩን ስትከፍት ምን አየች? የስንት ዘመን ልፋቷ ያለበት ታንክ ተጋድሞ አየች። የማይተኩት ኮርማዎች፣ ፌሎሺፑ፣ ከዚህ ቤት መውጫዋ፣ ሁሉም መሬት ላይ። ልጁ እሳት ውስጥ ያለ ሰው በር ላይ ቆሞ ሽብልቅ ይፈልጋል? ሮጠች። እጇን ዘርግታ ሮጠች። የገደላት ሰው ማታ እንደምትመጣም፣ እንደምትሮጥም ያውቅ ነበር። የገደላትም በዚያው ነው፤ በትጋቷ።»

እህትየዋ ድምጿን ሳታሰማ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ማን ነው?» አለች መርማሪዋ። «አቶ በረዶ ገጠር ነበሩ፤ ሾፌሩ አብሯቸው ነበር። ሎጋው ዕድሉን ሊወስድ ነው ይባላል፤ ግን የራሱ ናሙና አብሮ ቀልጧል። ቤት የሚያቃጥል ሰው የራሱን ዕቃ አስቀድሞ ያወጣል። ደግሞ ገና ስንገናኝ ‹ምን ይዤ?› አለኝ። እርስዎ ግን ፕሮፌሰር፣ ጠዋት ‹እሱ ይዞት ይሄዳል› አሉኝ። ናሙናው ሁሉ በቀለጠበት ቀን፣ ምኑን ይዞ?»

«ለማለት ያህል ነው።»

«ለፌሎሺፕ ሰጪዎቹም የደወሉት ለማለት ያህል ነው? ናሙናው መትረፉን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንደዚያ የሚደውል። ስለዚህ ፈለግን፤ መጋዘን ውስጥ ትንሿ ታንክ ውስጥ አገኘናቸው።»

ሎጋው ከወንበሩ ተነሳ። ፕሮፌሰሩ ግን ፈገግ አሉ። «እንግዲያው እሷው ራሷ አስቀምጣቸው ነበር ማለት ነው።»

«ናሙናዋ ደህና ቦታ እንዳለ ብታውቅማ ባዶ ታንክ ለማትረፍ ለምን ትሮጣለች? መጋዘኑንስ በምን ቁልፏ ከፈተችው?»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው፣ እመቤት። ፍርድ ቤት በግምት አይፈርድም።»

«እውነት ነው» አለች መርማሪዋ፤ እጇን ዘርግታ በድካም ተነፈሰች። «ለነገሩ ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም። ትንሿ ታንክ ናይትሮጅኗ አልቆ ነው ያገኘናት። ቱቦዎቹ ውሃ ሆነዋል።»

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን ገፍተው ብድግ አሉ። «አይሆንም! እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ! አንድ በአንድ፣ በገዛ እጄ ነው ያዛወርኳቸው! ማን ነው የነካካው? አንተ ነህ?» ብለው ወደ አቶ በረዶ ዞሩ። «አንተ ደንቆሮ፣ ክዳኑን…»

ከዚያ ክፍሉ ጸጥ ማለቱን ሰሙ።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃው። ሰውየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የሰው ልጅ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው ለቱቦ እንባው መጥቶ ነበር።

«አልቀለጡም» አለች መርማሪዋ። «ደህና ናቸው። ሞያህን አልነቅፍም፤ ጥንቅቅ አድርገህ ነው ያስቀመጥካቸው። ሁሉንም አብረህ ብታቀልጠው ኖሮ እኔም ‹አደጋ› ብዬ ዘግቼ እሄድ ነበር። ሰው መግደል አልከበደህም፤ ናሙና መግደል አቃተህ፤ በሎጋው እጅ በስምህ እንዲሄድ ፈልገሃላ። ጥናቱን ከሚፈልጉት መሀል ትልቁ ታንክ ውስጥ የራሱ የሆነ ምንም ያልነበረው ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

«ጥናቱ የኔ ነው!» አለ። «ማዕከሉን ያቋቋምኩት እኔ! መንገዱን ያሳየኋት እኔ! ትናንት የመጣች ልጅ ስሜን ፍቃ…»

«ስምህ መቼ ነበረበት?» አለ ሎጋው።  «የኔም ላይ ቦታ አልነበረውም። እኔ ፈሪው ነኝ የጻፍኩልህ።»

ከመርማሪዋ ጋር የመጡት ፖሊሶች ገብተው እጁን አሠሩት። ሲያስወጡት ግን በሩ ተዘግቶ ነበር። እህትየዋ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ቆማለች፤ ቁመቷ ከሰውየው ደረት አያልፍም።

«ዞር በይ፣ እናቴ» አላት አንዱ ፖሊስ በትሕትና።

«አልዞርም። ዝርክርክ ናት ብሎ ለሰው ሁሉ የነገረው እሱ ነው። እሱው ስሟን ያጥራላት።»

ፖሊሱ መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጊዜ ሞልቷል እንደማለት።

ሰውየው መሬት መሬት አየ።  «ጥፋቱ የሷ አይደለም» አለ፤ በአፉ ውስጥ ነው ያጉተመተመው።

«አልሰማሁም» አለች እህትየዋ።

«ጥፋቱ የሷ አይደለም አልኩሽ።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። በረንዳው ላይ የቆሙት ሠራተኞች በሙሉ ወደ እነሱ ዞሩ። ጋዋኑን በጡጫዋ ጨምድዳ ይዛ ወደ ደፉ ጎተተችው።

«ለኔማ ምን ያደርግልኛል? እኔ አውቃታለሁ» አለች። «ለእነሱ ንገራቸው። በስሟ ጥራትና ንገራቸው።»