የወታደር ኪስ ያለው ቦርሳ

«እህት፣ ይቅርታ አድርጊልኝና… እንተዋወቃለን እንዴ?»

ልጅቷ ክው አለች። አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ከፊቷ የቆመው ወታደር ዞሮ እያያት ነው። ጠዋት ጠዋት እዚሁ ሰልፍ ላይ ሲገጣጠሙ ዓይኗን ከደረቱ ላይ መንቀል አቅቷት ሰንብታለች። ለካ እሱም ልብ ብሎ ኖሯል።

«አ… አንተዋወቅም።»

«ታዲያ ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምታዪኝ?» አለ። ፈገግታው መልከ መልካምነቱን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ፈገግታ ነበር።

ዋሽታ ማምለጥ ትችል ነበር። ግን ዓይን አፋር ሰው ሲደነግጥ እውነቱን ነው የሚዘረግፈው።

«አንተን አይደለም። ኪስህን ነው የማየው።»

ፈገግታው ድርግም ብሎ ጠፋ። እጁ ሳያስበው የደረት ኪሱን አፈፍ አደረገ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴትዮም ቦርሳቸውን ብብታቸው ስር ሸጎጡ።

«ጉድ እኮ ነው!» አሉ። «ሌባ ደግሞ ተናግሮ መስረቅ ጀመረ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ኧረ እኔ ቦርሳ ልሰፋ ፈልጌ ነው! ኪሱ ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ለምን እንደማይዘቀዝቅ ነው የማየው!»

ወታደሩ በሳቅ ፈረሰ። ኪሱን ከፍቶ ጡሩምባ ጫፍ ላይ የሚገጠም የሚያብረቀርቅ መንፊያ አወጣ።

«ከባዱ ይሄ ነው። የጦሩ ሙዚቀኛ ነኝ። ይሄ ከጠፋ እኔም የለሁም፤ ለዚህ ነው የደነገጥኩት።»

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋልና ልጅቷ ለማንም ያላወራችውን ነገረችው። በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ በአንድ የመድን ድርጅት ትሠራለች። ልቧ ያለው ግን ማምሻውን በእናቷ የስፌት ማሽን ላይ ነው። ከቢሮዋ ፊት ለፊት ቦርሳ የምትሸጥ ሴት «ሌላ ሱቅ የማይገኝ ነገር ካመጣሽልኝ መስታወቱ ላይ እሰቅልልሻለሁ» ብላታለች። የወታደር ልብስ የሚመስል ቦርሳ ያሰበችው ያኔ ነው። ቅጠልያ ሸራ ገዛች፣ የነሐስ ቁልፎች ለቀመች፤ ትከሻ ላይ ማዕረግ የሚታሰርባትን ቁራጭ ጨርቅ አስመስላ ማንገቻውን የሚይዝ ማሰሪያ ሰፋች። ሁሉም ሆነላት። ኪሱ ብቻ እምቢ አለ። ስልክና ቁልፍ ሲገባበት እንዳኮረፈ ሕፃን ለምቦጩን ይጥላል።

«መጀመሪያ ኪሱ መሃል ያለችውን እጥፋት እዪ» አለና ደረቱን ወደ እሷ አዞረ። «ኪሱ ባዶ ሲሆን ትተኛለች፣ ሲሞላ ትከፈታለች። ምስጢሩ ግን ከጀርባ ነው። ቆይ…» የጃኬቱን የላይኛ ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

«አሁን ደግሞ ልብሱን አስወለቀችው!» አሉ ሴትዮዋ ከኋላ ወንበር።

በኪሱ ጀርባ፣ በጃኬቱ ውስጥ በኩል፣ ሌላ ጨርቅ ተደርቦ ነበር። ክብደቱን የሚሸከመው ለዓይን የሚታየው ኪስ ሳይሆን ያ የማይታየው ጨርቅ ነው። ልጅቷ ልትነካው ጣቷን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። እሱም አየ፤ ቁልፉን መልሶ ቆለፈ።

ከዚያ ወዲያ «የኪስ ሌባዬ» ይላት ጀመር። ቀድሞ የደረሰ ለሌላው ተራ ይይዛል። ወሬ ሲያልቅባቸው የእሱ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ዜማ ይነካካሉ፤ እሷም የትኛው ዜማ እንደሆነ ሳትጠይቅ ለእሷ እንደተዜመ ትቆጥረዋለች።

አንድ ምሽት እናቷ ያላለቀውን ቦርሳ ከማሽኑ ላይ አነሳች። ዕድሜዋን በስፌት የገፋች ሴት ናት። የኪሱን እጥፋት በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«ከመንገድ።»

«መንገድ ኪስ አለው?»

ልጅቷ መሬት የወደቀ ቁራጭ ክር ለማንሳት ጎንበስ አለች።

«እኔ እንዲህ ያለ ኪስ ስጠግን ነው ወጣትነቴ ያለቀው» አለች እናቷ እየተቀመጠች። «ወታደር ክፉ ነው አልልም። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እንደሱ ያለ ደግ የለም። ግን ወታደርን ያዛውሩታል። ይሄን ማሽን መኪና ላይ ጭኜ ስንት ከተማ ዞርኩ! ደንበኛ አበጀሁ ስል ‹ተነሺ!› ነው። ሥራዬ ሥር ሳይሰድ እኔ አረጀሁ። አንቺ ላይ እንዲደገም አልፈልግም።»

ልጅቷ ቦርሳውን ተቀብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

በማግስቱ ለባለ ጡሩምባው ነገረችውና መላ ያሉትን ዘየዱ። በሲቪል ልብስ ይመጣል፤ እናቷ መጀመሪያ እሱን ትወቅ፤ ሥራውን ቀስ ብለው ይነግሯታል።

«ደስ አላለኝም» አለ። ይሁንና እሁድ በተዋሰው ሹራብ መጣ።

ነገሩ አማረ። እናቷ ሻይ ቀዳች፣ በቀልዱ ሳቀች፣ «ይሄ ልጅ ጨዋ ነው» በሚል ዓይን ልጇን አየቻት። ከዚያ ጎረቤት በሩን አንኳኳችና እናቷ ልትከፍት ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር።

«ልጄ» አለች፣ «ውትድርና ከገባህ ስንት ዓመትህ ነው?»

ወደ አፉ ያስጠጋውን ብርጭቆ መለሰ።

«ጫማህን በር ላይ አየሁት። ከግድግዳው እኩል፣ እርስ በርሱ እኩል፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ የገባ። ጫማ እንዲህ የሚያሰልፍ ሌላ ፍጥረት አላውቅም።»

«ሰባት ዓመቴ ነው፣ እማማ» አለ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «ስለዋሸሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ሙዚቀኛ ነኝ። የምይዘው ጡሩምባ ነው።»

«ጡሩምባ ነፊ አይዛወርም?»

ጣቱን በብርጭቆው ጠርዝ ላይ አዞረ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

«ይዛወራል» አለ በመጨረሻ፣ ወደ እሷ ሳያይ። «ትዕዛዝ ወጥቶልኛል። ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እናቷ ግን «አላልኩሽም?» አላለችም። የልጇን ፊት አይታ ድምጿ ለሰለሰ።

«አንቺም አልሰማሽም ነበር?»

በዚያ ሳምንት ልጅቷ በሌላ አውቶቡስ ተመላለሰች። ቦርሳውን ጨረሰች። ለኪሱ ጀርባ ደረበችለት፣ ዙሪያውን ሁለቴ ሰፋችው፤ ስልክም ቁልፍም ከተተችበትና አልዘቀዘቀም። ቦርሳ ሻጯ መስታወቷ ላይ ሰቀለችው። ሁለት ቀን ሳይሞላው ተሸጠና «የቻልሽውን ያህል አምጪልኝ፣ እኔ ጋ ብቻ ይገኛል ብለው እየመጡ ነው አሁን» አለቻት። ደስታዋን ለመንገር የፈለገችው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ወደ ድሮው ሰልፍ ተመለሰች። እንደ ወትሮው ተራ ይዞላት ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ» አለ። «እናትሽ ያሉትን ነግረሽኝ የለ? እዛወራለሁ ካልኩሽ የምትሸሺ መሰለኝ።»

«እኔም እናቴን ፈርቼ ነው የሰው ሹራብ ያስለበስኩህ። ሁለታችንም ፈሪ ነን።»

«ለወታደር ያሳፍራል።»

ሳትወድ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

«ነይ ከእኔ ጋር» አለ ቀስ ብሎ። «እዚያ ቤት ይሰጡኛል። ማሽን እገዛልሻለሁ።»

ይህን እንደሚላት ታውቅ ነበር። መልሷንም ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመደው ከርማለች። የፈራችው መልሱን ከሰማ በኋላ የሚሆነውን ነው።

«አልመጣም» አለች። «ሥራዬ ገና አሁን ነው የጀመረው። ነቅዬው አልሄድም። እናቴ ሄዳ አይቻታለሁ።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ሞልቶ ሄደ። ሁለቱም አልተሳፈሩም።

«እንግዲያው አበቃ ማለት ነው?»

«አልከተልህም አልኩ እንጂ አልወድህም አላልኩም!»

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እስከ ጆሮዋ ጋለች። ይሁንና ከአፍ የወጣ አይመለስምና ቀጠለች። «ፈቃድ ሲሰጡህ ና። አገልግሎትህን ስትጨርስ ደግሞ ጠቅልለህ ና። አንተ ዙር፣ እኔ እዚህ ነኝ። የምትመጣበት ቤት ይኖርሃል።»

እንዲህ ያለ ነገር ነግሮት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እስከዛሬ ሁሉም ሂድ እንጂ ተመለስ አላሉትም።

«እናትሽስ?» አለ።

«ለእናቴ እኔ ነኝ የምነግራት። ዛሬውኑ፣ በራሴ አፍ።»

ነገረቻት። እናቷ ማሽኑን አቁማ ሰማች።

«አልሄድም አልሽው?»

«አልሄድም አልኩት።»

«በዚህ አፍሽ?»

«በዚህ አፌ።»

እናቷ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። «እኔ እኮ» አለች፣ «እንዲህ ማለት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።»

ባለ ጡሩምባው ወሩ ሲያልቅ ሄደ። በመጀመሪያው ፈቃዱ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መጣ፤ በሩን የከፈተችለት እናቷ ነበረች። በዓመቱ ተጋቡ። አገልግሎቱን ሲጨርስም ጠቅልሎ ወደዚያው ቤት ገባ።