ከአጥር ማዶ የመጣ ድንጋይ

ደጀን ሞቶ የተገኘው በራያ ሜዳ በተሠራው ዓለም አቀፍ ኤርፖርት፣ የእሳት አደጋ ውሃ በሚጠራቀምበት ገንዳ ሥር ነው። የገንዳው ጠባቂ እሱ ነበር። አናቱ ተፈንክቷል፤ አጠገቡ ድቡልቡል ድንጋይ ወድቋል። ገንዳውን የከበበው አጥር በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ድንጋዩ እንግዲህ በአጥር ላይ በወንጭፍ የመጣ ነው ተባለ።

ወንጭፍ ያለው አንድ ሰው ነው፤ አራጌ። ግማሹን ቀን ከአውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ወፍ ያባርራል፣ ግማሹን ቆቦ ዳር ያለ ማሽላውን ከግሪሳ ይጠብቃል። በዋዜማው ከደጀን ጋር ተጣልቶ ነበርና ጣቢያ አገቡት። ማሽላው ወተት የቋጠረበት ሰሞን ነው፤ ጠባቂ ካጣ ወፍ እንደሚጨርሰው ለፖሊሶቹ ቢነግር የሚሰማው አላገኘም።

ሳጅን ማንያህልሻል ጉዳዩን የተረከበችው በአራተኛው ቀን ነው።

«አያ አራጌ፣ በምን ተጣላችሁ?»

«በውሃ። አንድ ጀሪካን ልቅዳ ብል ገንዳው ጎድሏል ብሎ ከለከለኝ።»

«ለመጠጥ ነው?»

«ለጭቃ።»

ሳጅኗ ብዙ አልጠየቀችም። ኤርፖርቱ ሄዳ አጥሩን ዞረች፤ መሬቱን ጎንበስ ብላ አየች። የበሩ ቁልፍ ሌላ ሁለት ሰው ጋ አለ። አንዷ የእሳት አደጋ መኪና ሾፌሯ ሱአድ ናት፣ እዚሁ አጠገብ ያለችው የሮቢት ከተማ ልጅ። ገንዳው እንደሚያፈስ፣ ደጀንም «ሙሉ ነው» ብዬ ለተቆጣጣሪዎች አልፈርምም ማለቱን ነገረቻት። ሁለተኛው የሕንፃና የውሃ ኃላፊው ትግሉ ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። እሱ ጠቡን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አራጌ ድንጋይ ሲወነጭፍም ሁልጊዜ ከቢሮዬ መስኮት አያለሁ አላት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ገንዳው ሥር ሰበሰበቻቸው። የአራጌን ካቴና አስፈትታ ወንጭፉንና ከረጢቱን ሰጠችው። ወነጨፈ። የገንዳው ግድግዳ ላይ ያረፈው ነገር አቧራ ሆኖ ቀረ።

«ጭቃ ነው» አለች ሳጅኗ። «አድቦልቡሎ በፀሐይ የሚያደርቀው። ድንጋይ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ከገባ ጉድ ነው።»

«አንድ ቀን ድንጋይ ቢወረውርስ?» አለ ትግሉ።

«ይህ ድንጋይ አልተወረወረም፣ አቶ ትግሉ። የተነሣው እዚሁ አጥር ውስጥ ከተነጠፈው ነው፤ የተነቀለበት ጎድጓዳ ይኸው፣ ልኩ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ቁልፍ ያለው ሰው ነው። ሱአድ በየጧቱ መንደርደሪያው ላይ ጠጠር ትለቅማለች፤ አራጌ የሚወነጭፈው ጭቃ መሆኑን ታውቃለች፤ በአራጌ ማሳበብ ብትፈልግ ድንጋይ አትተውም ነበር። ወንጭፉን ከሩቅ አይተው ድንጋይ የመሰለዎት እርስዎ ነዎት። ፊርማውን የፈለጉትም እርስዎ።»

ትግሉ ገንዳውን ቀና ብሎ አየ።

«ለአንድ ገንዳ ተብሎ ይህ ሁሉ ኤርፖርት ሥራ ይፍታ?» አለ።

ሲወስዱት ሱአድ ከኋላው አየችው። «ወላሂ፣ ነገ ሌላ ሰው ይፈርማል» አለች።

ማንያህልሻል አራጌን በፖሊስ መኪና እስከ ማሳው አደረሰችው። ግሪሳው ጨርሶ ሄዷል። የማሽላው ራስ ሁሉ ባዶ ገለባ ነው። ይቅርታ ልትለው ስትል አራጌ ቀደማት።

«ሰውዬው ስንት ዓመት ይፈረድበታል?» አላት።

«ዳኛ ነው የሚያውቀው፣ አያ።»

«በእኔስ ላይ የተፈረደው?»

ወርዶ አገዳውን ለከብት ያጭድ ጀመር።