የሚንቀጠቀጠው ፒካፕ

መካኒኩ ኸድር ደብረ ታቦር በሚገኘው ጋራዡ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ደሙ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እስከ ነጩ ፒካፕ ጎማ ወርዷል። ገዳዩ አንድ ምት አልበቃውም። ከወደቀም በኋላ ደጋግሞ ስለመታው የቀኝ ጆሮው የነበረበት ቦታ አይለይም። የክሪኩ ብረት ደም እንደለበሰ አጠገቡ ተጥሏል።

ኢንስፔክተር ትርንጎ ተንበርክካ የሟቹን የተጨበጠ እጅ ፈለቀቀች። ከመዳፉ ጥለት ያለው የነጠላ ቁራጭ ወጣ። ለማንም ሳትናገር ኪሷ ከተተችው። የፒካፑ ኮፈን ተዘግቷል።

«ማንም እንዳይነካው» አለች ለፖሊሶቹ።

አስከሬኑን ያገኘው አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ሐምዛ ነበር። የእጁ አንጓ ተልጧል።

«እጅህን ምን ነካው?»

«ትናንት ተደባደብን። ጋራዡን ለቅቄ ባሕር ዳር ልሄድ ነው ስለው ሰደበኝ፤ መታሁት።» ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። «ከዚያ ወጣሁ። ታምራት ይችን መኪና ሲያስገባ በር ላይ ተላለፍን። ሞተሩ ሲቆራረጥ ሰምቼ ካርቡሬተር ነው ብዬ አለፍኩ።»

ታምራት የፒካፑ ሹፌር ነው። «ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት እምቢ አለች» አለ። «ቆሻሻ ቤንዚን መስሎኝ ለኸድር ተውኩለት። ስሄድ ኮፈኑን ገና አልከፈተውም። ኋላ ለባለቤቱ ለጋሼ ሙላቴ ብደውል፣ ሳታስፈቅደኝ ለምን ወሰድካት ብለው ጮኹብኝ።»

የሟቹ ሚስት ሙኒራ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። «ስልኩን ቤት ረስቶት ወጣ» አለች። «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው።»

በመጨረሻ እህል ነጋዴው ሙላቴ መጡ፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «አንዲት የተበጠሰች የካንዴላ ገመድ ሲጠግን አምሽቶ ተቀጠፈ። ከወንድሙ ጋር መጣላታቸውን ሰምተሻል መቼም።»

«እርስዎ ትናንት እዚህ መጥተው ነበር?»

«እኔ? ከመጋዘኔ ንቅንቅ አላልኩም። ኸድርን ካየሁትም ሰንብቻለሁ።»

ትርንጎ ብቻዋን ስትቀር ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩን አስነሳች። የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ ናት፤ ሞተር አያስፈራትም። ለሲሊንደሮቹ እሳት የሚያደርሱትን የካንዴላ ገመዶች አንድ በአንድ እየነቀለች አዳመጠች። የመጀመሪያውን ስትነቅል ሞተሩ ይበልጥ ተንገዳገደ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ስትነቅል ግን ድምፁ ምንም አልተለወጠ። የሞተው ሲሊንደር ይሄ ነው። ገመዱን አገላብጣ አየችው፤ ከላይ በተጫነው ነገር ተጨፍልቆ ከታች በኩል ተበጥሷል። ቀና ብላ ኮፈኑን ከውስጥ ስትመለከት፣ አንዱ ብረት ወደ ታች ጎብጦ ኋላ በመዶሻ የተቃና ነው። ማጠፊያው ላይም የዚያው ነጠላ የጥለት ክር ተጠምጥሟል።

ሁሉንም ወደ ጋራዡ ጠራቻቸው። በተከፈተው ኮፈን ዙሪያ ቆሙ።

«ይህች መኪና ሰው ገጭታለች» አለች። «የተገጨው ሰው ኮፈኑ ላይ ወደቀ፤ ብረቱ ጎበጠና ገመዱን ጨፈለቀ። መንቀጥቀጧ ከዚያ ነው። እሑድ ከጣራ ገዳም ስትመለስ የነበረች ዘነበች የምትባል ሴት ይፋግ አጠገብ ተገጭታ ሞታለች። ገጪው አልቆመም። ታምራት፣ እሑድ መኪናዋን ማን ነዳ?»

ታምራት ወደ አሠሪው ጠቆመ። «ጋሼ ሙላቴ።»

«ሹፌር ይገጫል፣ በጌታው ያሳብባል» አሉ ሙላቴ።

«ይህስ ይሁን። ሐምዛ ካርቡሬተር ነው አለኝ፤ ታምራት ቤንዚን ነው አለኝ። የገመዱን መበጠስ ያወቀው ኮፈኑን የከፈተው ኸድር ብቻ ነበር። ስልክ አልያዘም፤ ደውሎ ሊነግርዎ አይችልም። እኔም ገና ሳልከፍተው እርስዎ ነገሩኝ። ገመዱን ያዩት እዚህ ቆመው ነው። ኸድር ከኮፈኑ ሥር ያገኘውን፣ በጭብጡ እንደያዘው የሞተውን የሴትዮዋን ነጠላ ቁራጭ አሳይቶ ለፖሊስ ይናገሩ አለዎት፤ እርስዎም ፊቱን ሲያዞር በክሪክ ብረት መቱት። ከዚያ ኮፈኑን ዘጉ።»

ሙላቴ ሞተሩ ላይ የተቀመጠውን ከባድ ቁልፍ ለመንጠቅ እጃቸውን ሰደዱ፤ ዓይናቸው ታምራት ላይ ነው። ትርንጎ ኮፈኑን በሙሉ ክብደቷ ክንዳቸው ላይ ዘጋችው። አጥንት ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ሰውየው ክንዳቸው እንደተያዘ በጉልበታቸው ወረዱ። ሐምዛ ዘሎ አንገታቸውን አነቀ፤ ፊታቸው እስኪጠቁር አልለቀቀም፤ ሁለት ፖሊሶች በዱላ መትተው አላቀቁት።

«ሴትዮዋ ትተነፍስ ነበር» አሉ ሙላቴ፣ እያሳሉ። «ሐኪም ቤት ብወስዳት ስሜ ይጠፋ ነበር። ኸድርም እምቢ አለኝ። ለመንኩት እኮ።»

ሙኒራ ከኮፈኑ ዙሪያ ወጣች። ወደ ትርንጎ ዞረች።

«የሴትዮዋ ቤተሰቦች ገዳይዋን ያውቃሉ?»

«ገና ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«ከቀብሩ በኋላ አብሬሽ ልሂድ።»

ኸድር በተቀበረ ማግስት ይፋግ ወረዱ። በሩን የከፈተችላቸው የዘነበች ልጅ የሺ ነበረች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን ነጭታ አቁስላ። ትርንጎ አፏን ሳትከፍት ሙኒራ ቀድማ የልጅቷን እጅ ያዘች።

«እናትሽን የገደለው ተይዟል» አለቻት። «ያስያዘው ባሌ ነው።»